አምፔ ድምፁ ታፈነ፤ ቱዩቡ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ባለስድስት_ክር (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አንድ የቱዩብ አምፕ አለኝ፤ የጊታር ድምፅ ማጉያ ማለት ነው፣ በትራንዚስተር ፈንታ እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱዩቦች የሚሠራ። ኮምቦ ነው፤ 40 ዋት፣ ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር። ሦስት ትንንሽ ቱዩቦች (12ኤኤክስ7) እና ሁለት ትልልቅ (6ኤል6) አሉት። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ ነው፤ ያገለገለ ነው። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 180 ዋት ይላል። ስለዚህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ በሱ በኩል ነው የምሰካው። ስምንት ወር አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ድምፁ ታፈነ። አልጠፋም፣ ታፈነ። አፉን በጋቢ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። ቀጭኖቹ ክሮች አይጠሩም፤ ወፍራሞቹ ደግሞ ገንፎ ሆነዋል። ትሬብሉን (የቀጭን ድምፅ ማስተካከያውን) እስከ 10 ብወስደው መፋጨት ይጨምራል እንጂ አይጠራም።

በጣም የሚብሰው አንቺሆዬ ስጫወት ነው። ቅኝቱ ውስጥ ግማሽ ቶን ብቻ የሚራራቁ ድምፆች ሁለት ቦታ አሉ። ድሮ አንዱ እየጮኸ ሌላውን ስነካው ሁለቱም ለየብቻ ይሰሙ ነበር። አሁን አንዱ ሌላው ላይ ይፈስሳል። ትዝታ ሜጀር ላይ ግማሽ ቶን ስለሌለ ያን ያህል አይታወቅም።

ገመድ ቀየርኩ። ክር ቀየርኩ። የጓደኛዬን ጊታር ሰካሁ። ፔዳሎቹን ሁሉ አውጥቼ ቀጥታ ገባሁ። ያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ስሞክረው ደህና መስሎኝ ነበር፤ ምናልባት ድምፁን ዝቅ ስለማደርገው ይሆናል። ማታ ልምምድ ላይ ግን ያው ገንፎ።

ቱዩቦቹን በሙሉ ልቀይር? ከውጭ ማስላክ ስላለብኝ ዋጋው ቀላል አይደለም።

ቤዝ_ብቻ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡25)

ወደ ቤዝ ና። ማንም አይሰማህም፣ ጥራትም አይጠየቅህም።

ቴስተር_በኪሴ (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡02)

ወንድሜ፣ ቱዩብ እንዳትገዛ። ገና ነው።

በቅድሚያ የአምፑን ሆድ አትክፈት። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይሄ ሰው ይገድላል፤ ቀልድ አይደለም። እኔ የምነግርህ ሁሉ ሳይከፈት የሚሞከር ነው።

ጀርባው ላይ ፕሪአምፕ አውት (የፊተኛው ግማሽ መውጫ) እና ፓወር አምፕ ኢን (የኋለኛው ግማሽ መግቢያ) የሚሉ ሁለት ጃኮች ካሉት አጭር የጊታር ገመድ ፈልግና ሁለቱን አገናኝ። ከዚያ ተጫወት።

ለምን መሰለህ? እዚያ ቦታ ምንም ሳይሰካ ድምፁ የሚያልፈው በጃኩ ውስጥ ባለች ቀጭን የብረት ምላስ በኩል ነው። አቧራና ዝገት ሲይዛት ድምፁ ይደክማል፣ ይቆራረጣል፣ ይታፈናል። ባለቤቱ ግን ጃኩን ተጠቅሞበት ስለማያውቅ አይጠረጥረውም። ገመድ ስትሰካ ድምፁ ምላሷን ትቶ በገመዱ ይሄዳል። ከጠራልህ በሽታው ተገኘ ማለት ነው፤ ወጪው አንድ ቆርቆሮ ኮንታክት ክሊነር ብቻ ይሆናል።

ደግሞ ገመድ ቀየርኩ ስትል ስንት ሜትር ነው? ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው። 10 ሜትር ከሆነ 1000 ደረሰ ማለት ነው፤ ያ ብቻውን ትሬብልህን ይበላዋል።

የድሮ_ቫልቭ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40)

ልጆች፣ በኛ ጊዜ ቫልቭ ነበር የምንለው። ቱዩብ ስትሉ የመኪና ጎማ ነው የሚመጣብኝ።

ቴስተር ያለው ልክ ነው፣ ግን ቫልቭም ያረጃል። ልጄ፣ አምፑ በርቶ እያለ የእርሳስ ጫፍ ይዘህ ትንንሾቹን ቫልቮች አንድ በአንድ ቀስ ብለህ ኳ ኳ አድርጋቸው። እንደ ደወል የሚጮህ ካለ እሱ ታሟል። ሁለቱን ትልልቆች ደግሞ መብራት አጥፍተህ በጨለማ ተመልከታቸው። መሃላቸው ብርቱካናማ ፍም ነገር ይታያል፤ ያ ጤና ነው። ዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ከቀላ ግን ወዲያው አጥፋ።

ስፒከሩንም አትርሳው። አምፑን አጥፋና ወረቀቱን በጣቶችህ ግራና ቀኝ ይዘህ እኩል ወደ ውስጥ ግፋ። አሸዋ የሚፋቅ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ እየነካ ነው።

እኛ ሆቴል ስንጫወት አንድ አምፕ ጊታሩንም፣ ኦርጋኑንም፣ አንዳንዴም ማይኩን ይሸከም ነበር። ያኔ ገንፎ ሳይሆን አጥሚት ነበር የሚወጣው። ግን ሰው ጨፍሯል።

ባለስድስት_ክር (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በእርሳስ ነካካኋቸው፤ አንዷ ትንሽ ታቃጭላለች፣ ሌሎቹ ዝም ናቸው። የቀላም የለም። ስፒከሩ አይፋቅም።

ገመዴ 6 ሜትር ነው።

እና ትልቁ ዜና! ቴስተር ያልከውን አደረግሁ፤ ሁለቱን ጃኮች በአጭር ገመድ አገናኘሁ። ጥርት አለ! አንቺሆዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ። እናቴ «ዛሬ ደስ ይላል» ብላ ቡና ይዛልኝ መጣች። ተፈታ! ቴስተር፣ ዕድሜ ይስጥህ። ኮንታክት ክሊነር ገዝቼ ጃኩን አጸዳዋለሁ።

ቴስተር_በኪሴ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡30)

አልኩህ አይደል። አምፑን ነቅለህ ትንሽ ንፋበትና ጃክ ሃያ ጊዜ ያህል ሰካ ንቀል። ደብልዩ ዲ 40 እንዳትነፋበት፤ ቅባት ትቶ አቧራ ይሰበስብልሃል።

ባለስድስት_ክር (ዓርብ፣ ማታ 4፡48)

ተመልሷል።

ጃኩን አጸዳሁ። ገመዱንም እንደተሰካ ተውኩት። ዛሬ ልምምድ ላይ ያው ገንፎ። ድራመሩ «አምፑን ሽጠው» አለኝ። ተስፋ ቆርጫለሁ።

ቤዝ_ብቻ (ዓርብ፣ ማታ 4፡55)

ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ፈልግ። ከ1975 ጀምሮ አለ፣ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር፣ 120 ዋት፣ ቱዩብ የሚባል ነገር የለበትም። እንደ ብርጭቆ ነው የሚጠራው። ይሄኛው ቀልድ አይደለም።

የድሮ_ቫልቭ (ዓርብ፣ ማታ 5፡10)

ብርጭቆማ ነው፤ ቀዝቃዛም ነው። ልጁ ያለውን አምፕ እናድንለት።

ቴስተር_በኪሴ (ዓርብ፣ ማታ 5፡31)

እሺ፣ እኔም ቸኩያለሁ። አሁን በግማሽ በግማሽ እንክፈለው። ማታ፣ ልክ በሚታፈንበት ሰዓት ሞክረው።

አንደኛ፣ ከፕሪአምፕ አውት ወደ ሚክሰራችሁ ገመድ አውጣና በሚክሰሩ ስፒከር ስማው። እዚያ ከጠራ የፊተኛው ግማሽ ጤነኛ ነው። ሁለተኛ፣ ስልክህን በፓወር አምፕ ኢን ሰካና በደንብ የምታውቀውን ዘፈን ክፈትበት። ከዝቅተኛ ድምፅ ጀምር። እዚያ ከታፈነ የኋለኛው ግማሽ ወይም ስፒከሩ ነው።

በዚህ ሁሉ ስፒከሩ ከአምፑ እንዳይነቀል። የቱዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ሲጮህ የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ባለስድስት_ክር (እሁድ፣ ማታ 3፡05)

አደረግሁ። ግራ የሚያጋባ ነው።

በሚክሰሩ በኩል የፊተኛው ግማሽ ለብቻው ታፍኗል። ያን ያህል አይደለም፣ ግን ይታወቃል። በስልክ ሲሆን ደግሞ የኋለኛው ግማሽም ታፍኗል፤ የቤዝ ከበሮው ሲመታ ዘፋኙ አብሮ ይሰምጣል። ሁለቱም ታመሙ ማለት ነው? በአንድ ሳምንት?

ቴስተር_በኪሴ (እሁድ፣ ማታ 3፡20)

ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከታመሙ የጋራቸው የሆነ ነገር ነው የታመመው። የጋራቸው ደግሞ የኃይል ክፍሉ ነው። ፊልተር ካፓሲተሮቹ (የኃይሉን መዋዠቅ የሚያለሰልሱት) ደርቀዋል እላለሁ። ያገለገለ አምፕ ነው ብለሃል፤ እነሱ ደግሞ በዕድሜ ይደርቃሉ። ይሄ የጠጋኝ ሥራ ነው፤ አንተ እንዳትነካው።

የድሮ_ቫልቭ (እሁድ፣ ማታ 3፡34)

የደረቀ ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ ያጉረመርማል። ልጁ ሁምታ አለ አላለንም። እኔ አልተዋጠልኝም።

ሚሚ_ሜሪላንድ (እሁድ፣ ማታ 3፡50)

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለስድስት ክር፣ ቅዳሜ ጠዋት ደህና ነበር ብለሃል። ገመዱ «የሠራው» ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። የታፈነው ሁሌ ማታ ነው። ልምምዳችሁ ድሮም ማታ ነበር?

በነገራችን ላይ 4 ሰዓት የምትሉት በኛ አቆጣጠር ነው አይደል? እዚህ ስንኖር ተምታታብን። መጀመሪያ ሳነበው ሌሊት ተነስቶ አንቺሆዬ የሚጫወት ሰው መስሎኝ ለጎረቤቶችህ አዝኜ ነበር።

ባለስድስት_ክር (እሁድ፣ ማታ 4፡02)

ሃሃ፣ አዎ በኛ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥቶ።

ልምምዳችን... ቆይ። ድሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። የድራመሩ የሥራ ሰዓት ስለተቀየረ ወደ ማታ 1 ሰዓት አዛወርነው። መቼ ነው? ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።

ሦስት ሳምንት።

ቦታው አልተቀየረም፤ እዚሁ እኛ ግቢ ሰርቪሱ ውስጥ ነው።

ሚሚ_ሜሪላንድ (እሁድ፣ ማታ 4፡06)

ታዲያ አምፑን ትተህ ግድግዳውን ለካው።

ቴስተር_በኪሴ (እሁድ፣ ማታ 4፡11)

አፈርኩ። ስሜ ቴስተር ነው፣ ግን ቮልት ለካ አላልኩትም።

እንዲህ አድርግ። ቴስተር ካለህ ኤሲ 750 ላይ አድርገው። አምፑ በርቶ እየተጫወታችሁ ግድግዳውን ለካ፤ ከዚያ የትራንስፎርመሩን ሁለተኛ ሶኬት ለካ። ጭነት ሳይኖር የተለካ አይቆጠርም፤ ርካሽ ትራንስፎርመር ባዶውን ሲሆን ጀግና ነው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ደግሞ 2 ሰዓት ላይ አንዴ። የቴስተሩን እግር በጎማው ይዘህ፣ ብረቱን ሳትነካ።

ባለስድስት_ክር (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ተቀመጡ።

ዛሬ ጠዋት፦ ግድግዳው 218፣ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው 108።
አሁን ማታ፦ ግድግዳው 190፣ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው 92።

120 ለሚፈልግ አምፕ 92 ቮልት!

እናቴን ስጠይቃት «ማታ ማታ ምጣዱ አልሞቅ ብሎኛል ካልኩህ ወር ሆነኝ» አለችኝ። ነግራኛለች ለካ። እኔ ደግሞ መብራቱ ሲደበዝዝ አይቼ አላውቅም፤ ቤቱ ሁሉ ኤልኢዲ አምፖል ነው።

ቴስተር_በኪሴ (ሰኞ፣ ማታ 3፡15)

ይሄው ተገኘ። ኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር አይነግሩህም፤ ብዙዎቹ ቮልቱ ቢወርድም እንደምንም ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ምጣድ ነው እውነቱን የሚናገረው። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። ማታ በአንድ መስመር ላይ አሥር ቤት ሲሰካ አስበው።

አሁን አምፑ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ። 92ን ለ120 ስታካፍለው 77 በመቶ ገደማ ነው። ቱዩቦቹን የሚያሞቀው 6.3 ቮልት መሆን ሲገባው ወደ 4.8 ይወርዳል፤ ስለዚህ በደንብ አይግሉም። 420 መሆን ያለበት ከፍተኛው ቮልት ወደ 320 ይወርዳል። ኃይል ደግሞ ከቮልት ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፤ 40 ዋትህ ወደ 24 ዋት አካባቢ ሆነ ማለት ነው። አንተ ግን ከድራም ጋር ስለምትጫወት ድምፁን ያው ቦታ ላይ ነው የምታደርገው። ድሮ ንጹህ የነበረው አሁን ጣሪያውን ይመታል።

የአንቺሆዬውም ምስጢር እዚህ ላይ ነው። አምፕ ጣሪያ ሲመታ አብረው የሚጮሁ ሁለት ድምፆች ተደባልቀው ሌላ ሦስተኛ ድምፅ ይወልዳሉ። ለምሳሌ 440 ኸርዝ እና ከሱ ግማሽ ቶን ከፍ ያለው 466 ባንድ ላይ ሲጮሁ በመሃል 26 ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይፈጠራል። አንተ ያልመታኸው ድምፅ ነው። ገንፎው እሱ ነው። ስለዚህ ጆሮህ ልክ ነበር፤ ያልሰማንህ እኛ ነን።

ረቡዕ ገመዱ የሠራ የመሰለህ ጠዋት ስለሆነ ነው። ጃኩ ምንም አልሆነም ነበር።

ኪቦርድ_ሐዋሳ (ሰኞ፣ ማታ 3፡40)

እኔም ተመሳሳይ አለብኝ፤ በ110 የሚሠራ የድሮ ኦርጋን። 60 ኸርዝ ስለሚል ነው ብለውኝ ነበር። ትራንስፎርመር ኸርዙን አይቀይረውም ይባላል፤ እውነት ነው?

ቴስተር_በኪሴ (ሰኞ፣ ማታ 3፡52)

እውነት ነው፣ አይቀይረውም። 220 ገብቶ 110 ይወጣል፤ 50 ኸርዝ ግን 50 ሆኖ ይቀራል። ለ60 ብቻ የተሠራ የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ሲሠራ የበለጠ ይሞቃል፤ በጣም እየጋለ እንዳይሆን በእጅህ ዳብሰው። የድምፁን ጥራት ግን ኸርዙ አይደለም የሚያጠፋው። ሞተር ያለው የድሮ ኦርጋን ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ በኸርዙ ልክ ስለሚዞር ቅኝቱ ይወርድብሃል። እስቲ ለብቻው ክፈተውና እናወራለን።

ባለስድስት_ክር (ሰኞ፣ ማታ 4፡00)

መፍትሔው ምንድን ነው? ጎረቤቱን ሁሉ እንጀራ አትጋግሩ ልበል?

የድሮ_ቫልቭ (ሰኞ፣ ማታ 4፡08)

ልጄ፣ ስታቢላይዘር ነው። ቀደም ሲል ፍሪጅ ያለው ቤት ሁሉ ነበረው።

ቴስተር_በኪሴ (ሰኞ፣ ማታ 4፡20)

ጋሼ ልክ ናቸው። ግድግዳ፣ ከዚያ ስታቢላይዘር፣ ከዚያ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ አምፕ። አምፑ 180 ዋት ነው የሚወስደው፤ ስታቢላይዘሩ ግን 1000 ቪኤ ይሁን። የተጻፈበትን ያህል የማይሸከም ብዙ አለ። ሁለት ዓይነት አለ። በሪሌ የሚሠራው ርካሽ ነው፤ ቮልቱ ሲለዋወጥ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አንዳንዴ ጠቅታው በስፒከሩም ይሰማል። በሞተር የሚሽከረከረው ሰርቮ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያስተካክለው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለሙዚቃ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ብዙዎቹ 220ም 110ም መውጫ አላቸው። የ110ሩን ተጠቀምና ትራንስፎርመሩን አሳርፈው። 110 ለ120 ቮልት ዕቃ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ አትጨነቅበት።

ሚሚ_ሜሪላንድ (ሰኞ፣ ማታ 4፡31)

አንድ ነገር ብቻ፣ በእግዚአብሔር። መውጫዎቹ ላይ በወፍራም ማርከር 110 እና 220 ብለህ ጻፍባቸው። የ120 አምፕ 220 ላይ ከተሰካ ቀብር ነው። የወንድሜን ሚክሰር እንደዚያ ነው ያጣነው።

ባለስድስት_ክር (ቅዳሜ፣ ማታ 3፡30)

ሰርቮውን ገዛሁ፤ ያገለገለ አገኘሁ። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግድግዳው 187 እያለ መውጫው 110 ቆመ። አንቺሆዬ ጠራ! ሁለቱም ድምፆች ለየብቻ ቆመው ይሰማሉ። ድራመሩ እንኳ ዱላውን አስቀምጦ ሰማ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (ባለ አንድ ጥቅል የክር ድምፅ መቀበያ) ያለው ጊታር ይዤ ስታቢላይዘሩ አጠገብ ስቆም እምምም የሚል ድምፅ ይገባል።

ቴስተር_በኪሴ (ቅዳሜ፣ ማታ 3፡41)

ፒክአፑ የስታቢላይዘሩን ማግኔት እየሰማ ነው። ሁለት ሜትር አርቀው፤ ገመዱ ካልደረሰ አንተ ዞረህ ቁም።

ያቺ የምታቃጭለዋን 12ኤኤክስ7 ደግሞ ማስላክ ስትችል ቀይራት። አትቸኩል።

የድሮ_ቫልቭ (ቅዳሜ፣ ማታ 3፡55)

እስቲ ያን አንቺሆዬ ቅዳልንና እንስማው። ይሄን ሁሉ ቀን ስለሱ አንብበን ሳንሰማው ልንቀር ነው?

ባለስድስት_ክር (ቅዳሜ፣ ማታ 4፡12)

እሺ ጋሼ። አምፑን አብርቼ ስልኩን ፊቱ አስቀምጬ ነበር።

መብራት ሄደ። ሲመጣ እልካለሁ።